የባለ አራት ምት ሞዴል ሞተር፦ ኩሽኔታ አለዋወጥና ብልሽት አፈላለግ

እንደ ኦ.ኤስ. እና ሳይቶ ያሉ ባለ አራት ምት የሞዴል አውሮፕላን ሞተሮች ኩሽኔታቸው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) የሚበላሸው በአብዛኛው አየር ላይ ሳይሆን መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ነው። ነዳጃቸው ሜታኖል፣ ዘይትና ናይትሮሜቴን ነው። በፒስተኑ ቀለበት ጎን አምልጦ ወደ ካርተሩ (ከሲሊንደሩ በታች ወዳለው የሞተሩ አካል) የሚወርደው የተቃጠለ ጋዝ ውሃና አሲድ ይዞ ይወርዳል፤ ናይትሮው በበዛ ቁጥር ዝገቱም ይብሳል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ትኩስ ነዳጅ በካርተሩ ስለሚያልፍ ያጥበዋል። ባለ አራት ምቱ ላይ ግን ነዳጁ ከካርቡረተሩ በቧንቧ ቀጥታ ወደ ቴስታታው (ወደ ሲሊንደሩ ራስ) ይገባል፤ ካርተሩ የሚደርሰው ዘይት በቀለበቱ ጎን የሾለከው ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ ከሁሉ ቀድሞ የሚዝገው ከኮሎው፣ ማለትም ከክራንክሻፍቱ፣ ጀርባ ያለው ትልቁ ኩሽኔታ ነው። ዋይኤስ የሚባሉት ሞተሮች ካርተራቸውን አየር ለመጭመቅ ስለሚጠቀሙበት አሠራራቸው ይለያል፤ እዚህ የተጻፈው ሁሉ ለእነሱ አይሠራም።

ሞተሩን ከመፍታትዎ በፊት ጥፋቱ የኩሽኔታው መሆኑን ያረጋግጡ። ካንዴላውን አውጥተው ፕሮፔለሩን በጣም ቀስ ብለው ያዙሩት። ኮምፕረሽን ስለሌለ እጅዎ የሚሰማው የኩሽኔታውን ሁኔታ ነው። አሸዋ የገባበት ይመስል ከቆረቆረ ወይም በአንድ ቦታ ከያዘ ዝጓል ማለት ነው። ኮሎውን ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፉት የሚታይ ልቅነት ካለው አልቋል። ከካርተሩ መተንፈሻ የሚወጣው ዘይት ቀይ ቡናማ ከሆነ ዝገት፣ ግራጫ ወይም ጥቁር ከሆነ የተበላ ብረት አለበት።

ሌሎቹ ምልክቶች ብዙውን ጊዜ ከኩሽኔታ ጋር አይገናኙም። ባትሪው ከካንዴላው ሲነቀል የሚጠፋ ሞተር መጀመሪያ አዲስ ካንዴላ ይፈልጋል፤ ለባለ አራት ምት የተሠራ፣ ለምሳሌ የኦ.ኤስ. «ኤፍ» ዓይነት ይግጠሙለት። ካልተሻለው በዝቅተኛ ዙር የሚገባው ነዳጅ በዝቶ ይሆናል። መሬት ላይ ጥሩ ሠርቶ ሽቅብ ሲወጣ ነዳጅ የሚያጥረው ደግሞ በነዳጅ ማጣሪያው፣ በቱቦው ወይም በአየር ማስገቢያ ቧንቧው ላስቲክ ቀለበት በኩል አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። ቀለበቱ ርካሽ ስለሆነ ሳይጠራጠሩ ይለውጡት። ነዳጅ ሲያጥረው፣ ናይትሮው ሲበዛ ወይም ፕሮፔለሩ ሲከብደው ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታል፤ ያን ጊዜ ዳዶው ይላላና ፕሮፔለሩ ተፈናጥሮ ይወጣል። ባለ አራት ምት ሞተር ሁልጊዜ ሁለተኛ መቆለፊያ ዳዶ ሊኖረው ይገባል።

ኮምፕረሽን ከጠፋ ጆሮዎ ብዙ ይነግርዎታል። ፕሮፔለሩን ወደ መጭመቂያው ምት አምጥተው ይያዙት። ፉጨቱ ከጭስ ማውጫው ከመጣ የጭስ ቫልቩ፣ ከካርቡረተሩ ከመጣ የመግቢያው ቫልቭ፣ ከመተንፈሻው ከመጣ ደግሞ የፒስተኑ ቀለበት ነው የሚያፈሰው። ቫልቭ ከመለወጥዎ በፊት በቫልቩ ጫፍና እሱን በሚጫነው ሮከር መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ክፍተት ያጣ ቫልቭ አይዘጋም።

ኩሽኔታው መሆኑ ከተረጋገጠ ወደ መፍታቱ ይግቡ። የደረቀው ዘይት ብሎኖቹን ስለሚያጣብቅ ሞተሩን ቀድመው ሜታኖል ውስጥ ይዘፍዝፉት። ሜታኖል በቆዳ ይገባል፣ ዓይንም ያሳውራል፤ ጓንት ያድርጉ፣ ነፋሻ ቦታም ይሥሩ። የምድጃ ማጽጃና ሌላ ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ነገር አሉሚኒየሙን ስለሚበላው አያስጠጉ።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ካርቡረተርና ማስገቢያ ቧንቧ፣ ማርሚታ፣ የሮከር ክዳኖች፣ የቫልቭ ዘንጎች፣ የኋላ ክዳን፣ ከዚያ ሲሊንደሩ። ዘንጎቹ የየትኛው ቫልቭ እንደሆኑ፣ የቢየላውም (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ክፍል) የፊት ገጽ የትኛው እንደሆነ ምልክት ያድርጉ። ካሙን (ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰውን ክፍል) ከማውጣትዎ በፊት ፒስተኑን ወደ ላይኛው ጫፍ አምጥተው በካሙ ጥርስ ላይ ያለው ነጥብ ወዴት እንደሚያመለክት ፎቶ ያንሱ። ይህች ፎቶ በኋላ ብዙ ድካም ታድናለች። የፕሮፔለሩን መቀመጫ ካላቀቁ በኋላ ዳዶውን ከኮሎው ጫፍ ጋር እኩል እስኪሆን አስረው በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ ወደ ኋላ መታ መታ ያድርጉት። ብረት በብረት አይምቱ።

ኩሽኔታዎቹ የሚወጡት በሙቀት እንጂ በጉልበት አይደለም። አሉሚኒየም ከብረት በላይ ስለሚለጠጥ ሲሞቅ ኩሽኔታው የተቀመጠበት ቤት ይሰፋል። ላስቲክና ጓርኒሲዮን አንድ ሳይቀር ከካርተሩ ያውጡ። የሜታኖል እንፋሎት ስለሚፈነዳ ካርተሩ ፈጽሞ መድረቁን ያረጋግጡ። ከዚያ ምድጃ ውስጥ በ150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያቆዩት። በወፍራም ጓንት ይዘው የኋላውን አፍ ወደ ታች አድርገው ጣውላ ላይ ጠበቅ አድርገው ሲመቱት ትልቁ ኩሽኔታ ይወድቃል። የፊተኛው ከውስጥ ወደ ፊት በእንጨት ዘንግ ተገፍቶ ይወጣል። እምቢ ካለ መልሰው ያሙቁት እንጂ አይደብድቡት። ዝጎ ኮሎው ላይ የቀረውን በመንቀያ ያውጡት።

አዲሱን ለመግዛት የሞተሩን ስም ይዞ መዞር አያስፈልግም፤ ቁጥሩ በአሮጌው ጎን ላይ ተቀርጿል። 6901 የሚል 12 በ24 በ6 ሚሊሜትር፣ 6902 የሚል 15 በ28 በ7፣ 608 የሚል 8 በ22 በ7 ነው። ቁጥሩ በዝገት ከጠፋ ውስጡን፣ ውጪውንና ስፋቱን በካሊበር ይለኩ። ውስጣዊ ልቅነቱ «ሲ3» (C3፣ ከተራው ላላ ያለ) የሆነውን ይምረጡ፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ሲገባ ስለሚጨመቅ ተራው ሊጠብቅ ይችላል።

የኩሽኔታው የጎን ክዳን ነገር ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። የኋላው ኩሽኔታ በሁለቱም በኩል ክፍት መሆን አለበት፤ ለካሙና ለፊተኛው ኩሽኔታ የሚደርሰው የዘይት ጉም በእሱ መሐል ያልፋል። እዚያ ላይ ባለ ላስቲክ ክዳን ከገጠሙ ካሙ ደርቆ ይበላል። የፊተኛው ወደ ውጪ በሚያየው ጎኑ ብቻ ላስቲክ ይኑረው፤ በሁለቱም በኩል ካለው የውስጡን በቀጭን ካቻቢቴ አንስተው ይጣሉት። ውድ የሆነውን ባለ ሴራሚክ ኳስ አልመክርም፤ ኳሱ ባይዝግም ኳሱ የሚሽከረከርበት ብረት ይዝጋል። አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያበር ሰው የማይዝግ ብረት ኩሽኔታ የተሻለ ነው።

ለመግጠም አዲሶቹን እንደታሸጉ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ያቆዩ፤ ካርተሩን እንደገና ወደ 150 ዲግሪ ያሙቁ። ቀጥ ካለ ራሱ ገብቶ ይቀመጣል። መግፋት ካስፈለገ ወደ ካርተር ሲገባ የውጪውን ቀለበት ብቻ፣ ወደ ኮሎ ሲገባ የውስጡን ብቻ ይግፉ። የተሳሳተውን ከገፉ ኃይሉ በኳሶቹ በኩል ያልፍና መንገዳቸውን ያጎደጉደዋል፤ አዲሱ ኩሽኔታ ሳይሠራ ያረጃል።

ሲገጣጥሙ ሁሉንም ዘይት ይቀቡ። ካሙን እንደ ፎቶው ካስገቡ በኋላ ኮሎውን ሁለት ዙር በእጅ ያዙሩ፤ ካሙ በዚያ አንድ ዙር ይሞላል። ከጭስ ማስወጫው ምት በኋላ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የጭስ ቫልቩ ሊዘጋ ሲል የመግቢያው መከፈት ይጀምራል፤ ሁለቱም በጥቂቱ ክፍት ሆነው መታየት አለባቸው። አንዱ ብቻ በሰፊው ከተከፈተ አንድ ጥርስ ስቷል። እንዲህ ሆኖ የተገጠመ ሞተር በካርቡረተሩ ያስነጥሳል፣ አቅምም አይኖረው። ሲያዞሩ ከያዘ አያስገድዱት፤ ቫልቩ ፒስተኑን እየነካ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ኮሎውን አንድ ዙር አዙረው በመጭመቂያው ምት ላይኛው ጫፍ ላይ ያቁሙና፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ የሁለቱንም ቫልቭ ክፍተት በ0.04 እና በ0.10 ሚሊሜትር መካከል ያስተካክሉ። የ0.04ቱ ስስ መለኪያ መግባት፣ የ0.10ሩ አለመግባት አለበት። ብሎኖቹን በሰያፍ ተራ በተራ ያጥብቁ፤ የአሉሚኒየም ጥርስ በቀላሉ ይላጣል።

መጀመሪያ ሲያስነሱ የካርቡረተሩን የነዳጅ መርፌ ከፈት አድርገው ነዳጅ አብዝተው ለጥቂት ደቂቃ ያሠሩት። ከዚያ እስከ ከፍተኛው ዙር ያጥብቁና ከ200 እስከ 400 ዙር በደቂቃ እስኪቀንስ መልሰው ይክፈቱ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ይሳሳል። ዱባይ የተስተካከለ ሞተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ስለሚበዛበት መርፌው መጥበቅ፣ ፕሮፔለሩም ቀለል ማለት አለበት።

የቀኑ በረራ ሲያበቃ የነዳጁን ቱቦ ነቅለው ሞተሩ ጨርሶ እስኪጠፋ ያሠሩት። ገና ሞቅ እንዳለ በመተንፈሻው በኩል በአየር ግፊት ለሚሠሩ መሣሪያዎች የሚሆን ዘይት ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት በስሪንጅ ይጨምሩ፤ በካንዴላው ቀዳዳም ጥቂት ጠብታ። ዘይቱ ሁለቱንም ኩሽኔታ እንዲያገኝ አፍንጫውን ወደ ታችም ወደ ላይም እያዘነበሉ ፕሮፔለሩን ያዙሩ። በክረምት ሳይበር ለሚቆይ ሞተር ይህን በየወሩ ይድገሙለት።