ከአዲስ አበባ ተነስቶ ክሩዝ መርከብ መድረክ ላይ ለመስራት

ክሩዝ መርከብ ላይ ስራ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚመጣለት መስተንግዶና ክፍል ማጽዳት ነው፣ ግን ትልልቆቹ መርከቦች እኮ ከሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ቴአትር አላቸው፣ ማታ ማታ ሾው አለ፣ ዳንሰኛ ዘፋኝ ባንድ አክሮባት ሁሉ ይቀጥራሉ። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፣ ፒያሳ፣ ያሬድ ትምህርት ቤት ስንት ጎበዝ ልጅ እንዳለ ስለማውቅ ነው የምጽፈው፣ ችሎታው አለ፣ መንገዱን የሚያሳይ ነው የጠፋው።

መጀመሪያ የትኛው በር የእናንተ እንደሆነ ለዩ። አንደኛው ካስት ነው፣ የመርከቡ የራሱ ሾው ላይ የሚሰሩት ዘፋኞችና ዳንሰኞች ማለት ነው፣ እነሱ መርከብ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ለሳምንታት ስቱዲዮ ይለማመዳሉ (የክሩዝ ኩባንያዎቹ ሮያል ካሪቢያንም ካርኒቫልም ፍሎሪዳ ውስጥ የራሳቸው ስቱዲዮ አላቸው) ከዛ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 9 ወር እነዛኑ ሾዎች እየደጋገሙ ይሰራሉ። ሁለተኛው ሙዚቀኛ ነው። ሶስተኛው ገስት ኢንተርቴይነር የሚሉት ነው፣ የራሱን አክት (ያዘጋጀውን ትርኢት) ይዞ መጥቶ ለአጭር ጊዜ ሰርቶ የሚወርድ።

በኔ እምነት ከኛ ከተማ በጣም የሚቀርበው ሶስተኛው ነው፣ በተለይ ለሰርከስ ልጆች። ጃግሊንግ፣ የሰው ፒራሚድ፣ ኮንቶርሽን (ሰውነትን ማጣጠፍ)፣ ገመድ ላይ የሚሰራ ነገር ቋንቋ አይፈልግም፣ የየትኛውም ሀገር ተመልካች ቁጭ ብሎ ያየዋል። ሰርከስ ኢትዮጵያ በፈረንጆች 1991 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የኛ አክሮባቶች ስም ውጪ ይታወቃል፣ የጅማዎቹ ወንድማማቾች ቢቢና ቢቹ በጃግሊንግ ተነስተው ሰርከስ አቢሲኒያን እስከማቋቋም ደርሰዋል። ስለዚህ እዚህ በር ላይ ስትቆሙ ከዜሮ አትጀምሩም። የሚያስፈልጋችሁ በደንብ የታሰረ አጭር አክት ነው፣ ሙዚቃው የተለካ፣ ልብሱ ያለቀ፣ ጣራው ዝቅ ያለ መድረክ ላይም ሊሰራ የሚችል፣ ምክንያቱም የመርከብ ጣራ እንደ ስታዲየም አይደለም መሬቱም ይንቀሳቀሳል። ባህሩ ሲናወጥ ዝላይና አየር ላይ የሚሰራው ስለሚቀነስ አንድ መሬት ላይ ብቻ የሚሰራ ቅጂ ከወዲሁ አዘጋጁ።

ሙዚቀኞች ለናንተ የምለው አንድ ነገር ነው፣ ኖታ። የክለብ ልጆቻችን በጆሮ የሚሰሩት የሚገርም ነው፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም ስጧቸው ወዲያው ይይዙታል፣ ግን የመርከቡ ዋና ባንድ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው፣ ገስት ዘፋኙ ኖታውን ይዞ ይመጣል፣ ቀን አንዴ ትለማመዱታላችሁ፣ ማታ ሾው ነው፣ ጆሮ ውስጥ ክሊክ (ምቱን የሚቆጥር ድምጽ) እየመታ። ማንበብ የማይችል ሰው እዛ ወንበር ላይ አይቀመጥም። ስለዚህ ያሬድ ከተማረ ሰው ጋር ተስማምታችሁ ተማሩ፣ በየቀኑ አይታችሁት የማታውቁትን አንድ ገጽ ከሜትሮኖም (ምት ቆጣሪ) ጋር ሳታቆሙ አንብቡ፣ ተሳሳታችሁም ቀጥሉ፣ ኦዲሽኑ (የመቅጠሪያ ፈተናው) የሚፈትነው ይሄንኑ ነው። ኖታ እስክትደርሱበት ደግሞ የዳንስና የላውንጅ ባንዶች አሉ፣ እነሱ ጋ የሚፈለገው ብዙ የታወቀ የፈረንጅ ዘፈን በቃል መያዝ ነው።

ዳንሰኞች፣ እስክስታችሁ ልዩ ነው፣ ሪልስ ላይ የአለም ሰው ያየዋል፣ ኦዲሽን ላይ ግን የሚታየው ጃዝና ባሌት መሰረት አላችሁ ወይ የሚለውና አዲስ ኮሪዮግራፊ (የዳንስ ቅንብር) በስንት ደቂቃ ትይዛላችሁ የሚለው ነው። ጓደኛችሁ የማታውቁትን ኮሪዮግራፊ ያሳያችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ተለማመዱ፣ ቅረጹት፣ እዩት፣ በሚቀጥለው ቀን ሌላ። ሾው አብዛኛው 45 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ በአንድ ማታ ሁለቴ ይሰራል፣ ሁለተኛው ከመጀመሪያው መድከም የለበትም።

ለኦዲሽን የምትልኩትን ቪዲዮ እባካችሁ እንደ ክሊፕ አታቀናብሩት። ስሎው ሞሽን፣ ኤፌክት፣ ጭስ ምናምን ሲበዛ ቀጣሪው የሆነ ነገር የተደበቀ ይመስለዋል። ሁለት ሶስት ደቂቃ ይብቃ፣ ምርጡ ነገር መጀመሪያ ላይ ይሁን፣ ሙሉ አካላችሁ ይታይ፣ ዘፋኝ ከሆናችሁ ስታይላቸው የሚለያይ ሁለት ዘፈን ሳይቆረጥ። ከዛ ዩቲዩብ ላይ ጫኑና ሊንኩን ከፎቶና ከሲቪ ጋር የኩባንያው የራሱ ድረ ገጽ ላይ ባለው የኢንተርቴይመንት ኦዲሽን ገጽ ላኩ።

ደላላ። ይሄን ደጋግሜ ነው የምለው። "መርከብ ላይ አስገባሃለሁ ይሄን ያህል ብር አምጣ" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተነሱና ሂዱ። የባህር ሰራተኞችን የሚመለከተው አለም አቀፍ ስምምነት አለ፣ የ2006ቱ ኤምኤልሲ የሚባለው፣ በሱ መሰረት ለማስቀጠሪያ ከሰራተኛ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው። ከኪሳችሁ ሊወጣ የሚችለው የፓስፖርት፣ የባህረኛ ደብተርና የጤና ሰርተፍኬት ነው፣ የቪዛውን እንኳን መክፈል ያለበት የመርከቡ ባለቤት ነው። እናት ወርቋን ሸጣ ለደላላ መስጠት የለባትም።

ወረቀቱ ጊዜ ስለሚወስድ ቀድማችሁ ጀምሩ። ፓስፖርታችሁ ኮንትራቱ ካለቀ በኋላም ቢያንስ ስድስት ወር የሚቀረው ይሁን፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አውጡ፣ የፖሊስ አሻራም ሊጠየቅ ይችላል። ከአሜሪካ ወደብ ለሚነሳ መርከብ የሚያስፈልገው ሲ1/ዲ የሚባለው የመርከብ ሰራተኛ ቪዛ ነው፣ ሽሮ ሜዳ ኤምባሲው ስትሄዱ የቀጣሪው ደብዳቤ በእጃችሁ ይኑር። የጤና ምርመራው ውስጥ የአደንዛዥ እጽ ምርመራም አለ፣ ጫት የምትቅሙ ልጆች ከወዲሁ አቁሙ፣ አሜሪካ ውስጥ ክልክል ነው መርከብ ላይ ደግሞ ቀልድ የለም። የደህንነት ስልጠናም አለ፣ እሳት ማጥፋት፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ በላይፍ ጃኬት ውሃ ውስጥ መቆየት፣ ስለዚህ ዋና የማትችሉ የሆቴል ፑል ገብታችሁ ውሃውን ተላመዱት። ተጫዋች ናችሁ ተብሎ የሚቀር የለም፣ አደጋ ቢደርስ ተሳፋሪ ሰብስቦ የመምራት ስራ ለዳንሰኛም ይሰጣል፣ ለዚህም እንግሊዝኛችሁን አጠንክሩ።

ከመፈረማችሁ በፊት የልምምድ ጊዜው ክፍያ ስንት ነው (ብዙ ጊዜ ከመርከቡ ደሞዝ ያንሳል)፣ ትኬት ማን ይቆርጣል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን ያሳክማል ብላችሁ በኢሜይል ጠይቁ፣ መልሱ በጽሁፍ ይሁን። እረፍት በዛው በኤምኤልሲ ስምምነት በ24 ሰአት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰአት፣ በሳምንት 77 ሰአት ነው።

ኑሮው፣ ካቢን ብዙ ጊዜ ለሁለት ነው፣ መስኮት የሌለው፣ ኤሲው ጉሮሮ ስለሚያደርቅ ዘፋኞች ውሃ አብዙ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ የለመዳችሁት ትንፋሽ ባህር ወለል ላይ ይጠቅማችኋል፣ ሙቀቱና እርጥበቱ ግን ይከብዳል። ለማቅለሽለሽ ዝንጅብል ጥሩ ነው። ጿሚዎች አትጨነቁ፣ የሰራተኛው መመገቢያ ህንዶችና ፊሊፒኖች ስለሚበዙ ምስርና ሩዝ አይጠፋም። የዳንስ ጫማ፣ የጊታር ክር፣ የሳክስፎን ሪድ ለሙሉ ኮንትራቱ የሚበቃ ከዚሁ ይዛችሁ ሂዱ፣ መርከቡ ወደብ ላይ የሚቆመው ለጥቂት ሰአት ነው፣ በዛ ሰአት የሙዚቃ ዕቃ ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።