ጽሑፍዎን ከማስረከብዎ በፊት የሌላ ሰው ቃል እንዳልገባበት እንዴት ይፈትሻሉ?

በጅማ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ፣ በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ወረፋ ላይ ደጋግሞ የሚሰማው ጥያቄ «ስንት ፐርሰንት ወጣ?» የሚለው ነው። ጽሑፉ ከሌሎች ጽሑፎች ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል ከሚያሳየው ከዚህ ቁጥር በፊት ግን ጸሐፊው ራሱ መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ እያንዳንዱ አንቀጽ ከየት መጣ?

በመጀመሪያ ረቂቁን በወረቀት ያትሙና ከመጽሐፍ፣ ከጥናት ወይም ከድረ ገጽ ያገኙትን ሐሳብ፣ ቁጥርና አገላለጽ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ያስምሩበት። ከተሰመረበት አጠገብ የደራሲው ስምና ዓመተ ምሕረቱ ከሌለ እዚያው ይጻፉ፣ ለነገ የተባለ ምንጭ ይረሳልና። ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ እንደምትገኝ ለመጻፍ ምንጭ አያስፈልግም፤ የቡና ፍሬ በሽታ በአገራችን መጀመሪያ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1971 መሆኑን ሲጽፉ ግን ያነበቡትን ጥናት ይጥቀሱ።

ቀጥሎ ምንጩን ከረቂቁ ጎን ዘርግተው ዓረፍተ ነገርን ከዓረፍተ ነገር ያነጻጽሩ። ብዙ ሰው ሳያውቀው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ምንጩ «በሽታው በዝናባማ ወቅት አረንጓዴውን የቡና ፍሬ አጥቁሮ ያረግፋል» ቢል፣ እርስዎም «በሽታው በክረምት ወራት ለጋውን የቡና ፍሬ አጥቁሮ ይጥላል» ብለው ቢጽፉ፣ ጥቂት ቃላት ተለዋወጡ እንጂ የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ የባለቤቱ ነው። ምንጩን ዘግተው፣ የገባዎትን ለጓደኛ እንደሚያስረዱ አድርገው ይጻፉ፤ ለምሳሌ «ገና ያልቀላ ፍሬ ላይ ጥቁር ቁስል ከታየና ዝናቡ ካላባራ ገበሬው ምርቱን ሊያጣ ይችላል» ብለው ከጻፉ በኋላ ምንጩን ይጥቀሱ። የደራሲውን ቃል እንዳለ ማስቀመጥ ካስፈለገ በትእምርተ ጥቅስ ይክበቡት።

ከዚህ በኋላ ጽሑፍዎን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያነጻጽር እንደ ተርኒቲን ያለ የኮምፒውተር መፈተሻ ይጠቀሙ። መፈተሻው የሚያሳየው መመሳሰልን እንጂ ስርቆትን ስላልሆነ፣ በትክክል የተጠቀሰ ጥቅስና የዋቢ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀሩ ቁጥሩን ሊያንሩት ይችላሉ። ስለዚህ ፐርሰንቱን ብቻ አይተው አይደሰቱ ወይም አይደንግጡ፤ የተቀለመውን መስመር ሁሉ አንድ በአንድ ያንብቡ። ረቂቁ በመፈተሻው ማኅደር እንዳይቀመጥ መምህርዎን አስቀድመው ይጠይቁ፣ ከተቀመጠ የመጨረሻው ቅጂ ከራስዎ ረቂቅ ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ሊወጣ ይችላልና።

በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ሌላ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ጽሑፍ» የሚለው ቃል በሐመሩ ሐም በሃሌታው ሀም፣ በጸሎቱ ጸም በፀሐዩ ፀም ተጽፎ ስለሚገኝ፣ ፊደልን ከፊደል ብቻ የሚያነጻጽር መሣሪያ ተመሳሳዩን ቃል እንደ ሌላ ሊቆጥረው ይችላል። የሚጠራጠሩበትን ዓረፍተ ነገር ከስድስት እስከ ስምንት ቃላት እየቆረጡ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ በጎግል ይፈልጉ፤ ፊደሉንም እየቀያየሩ ይድገሙት። ከእንግሊዝኛ ወይም ከአፋን ኦሮሞ የተረጎሙትን አንቀጽ መሣሪያው ላያገኘው ይችላል፤ ትርጉምም ቢሆን ግን የሌላ ሰው ሥራ ስለሆነ ምንጩን ይጥቀሱ። ቀደም ሲል ለሌላ ኮርስ ያስረከቡትን የራስዎን ሥራ መልሰው ሲጠቀሙም እንዲሁ ያድርጉ።

በመጨረሻ አንድ ጓደኛዎ ከረቂቁ እንደፈለገ ሦስት አንቀጾች መርጦ «ይህን ከየት አገኘኸው?» ብሎ ይጠይቅዎ። ምንጩን ገልጠው ማሳየት ያልቻሉትን አንቀጽ ምንጩን እስኪያገኙ ድረስ ከጽሑፉ ያውጡት።