ልጃችሁ ማሞቂያ ክፍል ሲገባ እነዚህን አታድርጉ

«ግሉኮስ ተሰክቶለት የለ? ወተቱን ማን ይጠጣዋል?» እየተባለ ጡት ሳይታለብ ሦስት ቀን ያልፋል። በአራተኛው ቀን ሐኪሙ «ወተት ይጀምር» ሲል ጡቱ ባዶ ነው፤ አባት ለቆርቆሮ ወተት ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ያልታለበች ላም እንደምትነጥፍ ለጎጃም ገበሬ አይነገረውም፤ ሚስቱ ስትሆን ግን ይረሳዋል። ማለብ የሚጀመረው ከወሊድ በኋላ በ1 ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ እንኳ 6 ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከዚያ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 8 ጊዜ፤ ወተት የሚያመነጨው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ስለሚል የሌሊቱ አይዘለልም።

አስተላለቡም ይበላሻል። ጫፉን መጎተትና ማሸት ቁስል እንጂ ወተት አያመጣም። አውራ ጣት ከላይ፣ ሌባ ጣት ከታች ሆነው የጡቱ ጥቁር ክፍል ዳር ላይ ይቀመጣሉ፤ መጀመሪያ ወደ ደረት መጫን፣ ቀጥሎ መጭመቅ፣ መልቀቅ። አንዱን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አልቦ ወደ ሌላው መሄድ፣ እያፈራረቁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መቆየት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ጥቂት ጠብታ እንገር ነው። «ቢጫ ነው፣ ቆሻሻ ነው» ብሎ የሚደፋው ሰው የልጁን የመጀመሪያ መከላከያ እየደፋ ነው! ጠብታውን በንጹሕ ስሪንጅ ሰብስቡና ለነርሷ ስጡ፤ በአፍንጫው በገባችው ቀጭን ቱቦ 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ለጀመረ ልጅ ያቺ ጠብታ ትበቃዋለች። ኩባያው የተቀቀለና ክዳን ያለው ይሁን፤ የእናት ስምና የታለበበት ሰዓት ይጻፍበት፤ ፍሪጅ ከሌለ ከ4 ሰዓት በላይ አይቆይ።

ቅቤ ማላስ። ነርሷ ዞር ስትል አያት በጣታቸው ለጋ ቅቤ ይዘው ይጠጋሉ፤ «ጉሮሮው ደርቋል እኮ ልጄ!» ከፅንሱ ጀምሮ ሲቆጠር 34 ሳምንት ያልሞላው ልጅ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን ገና አላስማማም፤ ቅቤውም፣ የስኳር ውሃውም፣ የአብሽ ውሃውም ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችላል። ከእማማ ጋር መጣላት አያስፈልግም፤ ሲስተሯ ጋ ወስዳችሁ ከእርሷ አፍ ይስሙት።

በአፍንጫው ላይ የታሰረውን ሲፓፕ (አየር እየገፋ መተንፈስ የሚያግዘውን መሣሪያ) «ጨቆነው» ብሎ ማላላት ሌላው ነው። ቱቦው ሄዶ የሚገባበትን የውሃ ጠርሙስ ተመልከቱ፤ ሲንተከተክ አየሩ እየደረሰው ነው። መንተክተኩ ካቆመ ራሳችሁ አትነካኩ፣ ወዲያው ተጣሩ። በደሙ ያለውን ኦክስጂን በመቶኛ የሚለካው መሣሪያ 93 ሲያሳይ «ለምን 100 አልሆነም» ብላችሁ ኦክስጂን ይጨመር አትበሉ፤ ኦክስጂን የሚሰጠው ቀኑ ያልሞላ ልጅ ከ90 እስከ 95 እንዲሆን ነው የሚፈለገው፣ ከልክ ያለፈው ዓይኑን ይጎዳል። በጣም ቀድሞ ለተወለደ ልጅ ስለ ዓይን ምርመራ ሳትጠይቁ አትውጡ።

ቢጫነቱ እንዲለቅ በሰማያዊው መብራት ሥር ራቁቱን የተኛን ልጅ ነጠላ ማልበስ መብራቱን እንደማጥፋት ነው። የሚሸፈነው ዓይኑና ዳይፐሩ ብቻ። በር ላይ ፀሐይ ማሞቅም አይተካውም።

ካንጋሮ ላይ፣ ማለትም ልጁን ራቁት ደረት ላይ አስሮ በማሞቅ ላይ፣ የሚታየው ስህተት ችኮላ ነው። እናቱ አንድ ሰዓት ታቅፋ «ወገቤን» ብላ ታስተኛዋለች። የሚፈለገው በቀን ቢያንስ 8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ በረዘመ መጠን ይሻላል። ልጁ ኮፍያ፣ ካልሲና ዳይፐር ብቻ ለብሶ በጡቶቿ መካከል ቀጥ ይላል፤ እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ይታጠፋሉ፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞሮ አገጩ ትንሽ ቀና ይላል። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ ትንፋሹ ይታፈናል። የሚታሰርበት ጨርቅ የላይኛው ጫፍ ከጆሮው ሥር ይድረስ። እናት ስትተኛ ትራሷ ከፍ ይበል። ደክሟት ከሆነ አባት ሸሚዙን አውልቆ ይረከባት፣ ደረቱ ያው ሙቀት አለው። ከ2400 ሜትር በላይ ያለው የደብረ ማርቆስ ሌሊት ቀልድ አይደለም፤ የልጁ ሙቀት ከ36.5 በታች ከወረደ ትንፋሹም፣ አጠባቡም ይበላሻል።

ቀለበትና አምባር ሳያወልቁ እጅ መታጠብ፤ ታጥቦ ስልክ መነካካት። ለጥየቃ መሰብሰብ። ይህን ዘርዝሬ አልጨርሰውም።

ክብደቱ ቀነሰ ብሎ መደናገጥም አለ፤ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ ይችላል፣ በ2 ሳምንት ገደማ ይመለሳል።

ከሁሉም የሚያናድደው በሦስተኛው ቀን «ዳነ እኮ፣ ፈርሜ ልውሰደው» ነው። አጨዳ ደርሷል፣ ገንዘብ አልቋል፣ ቤት ያሉት ልጆች ብቻቸውን ናቸው፤ ሁሉም እውነት ነው። ለደም ኢንፌክሽን የሚሰጠው መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል፣ ወደ አንጎል ከደረሰ ከዚያም ይረዝማል። ልጁ የተሻለው መድኃኒቱ ስላለ ነው። ከመፈረም በፊት «ስንት ቀን ቀረው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ችግሩ ገንዘብ ከሆነም ለኃላፊው በግልጽ ተናገሩ።

ሐኪሙ ፈቅዶ ከወጣችሁ በኋላ ልጁ መጥባት ካቆመ፣ እግሩ ከቀዘቀዘ ወይም ካተኮሰው፣ በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ መዳፉና የእግሩ መርገጫ ቢጫ ከሆነ ነገ አትበሉ። ደረት ላይ አስራችሁ፣ የመውጫ ወረቀቱን ይዛችሁ፣ ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ በዚያው ሌሊት ድረሱ።