ቀለሙ ራሱ ሰዋስው የሆነበት ትንሽ የፕሮግራም ቋንቋ እንዴት ይሠራል?

ኮድ ኤዲተሮች ቃላትን በቀለም ሲለዩ ማየት ለምደናል። ያ ቀለም ግን ቢጠፋም ፕሮግራሙ ያው ነው። እዚህ የምንሠራው ቀለሙ ሲቀየር የኮዱ ትርጉምም አብሮ የሚቀየርበትን ነው። የፎርዝ ቋንቋ ፈጣሪ ቻርልስ ሙር ከለርፎርዝ ብሎ በሠራው ቋንቋ ይህን አድርጎታል፦ ቀይ ቃል አዲስ ስም ያወጣል፣ አረንጓዴው ኮምፓይል ይደረጋል (በኋላ ሲጠራ እንዲፈጸም ተተርጉሞ ይቀመጣል)፣ ቢጫው እዚያው ይፈጸማል፣ ነጩ ማስታወሻ ነው።

1. ቀለሙ የትኛውን ምልክት እንደሚተካ ወስኑ። በፎርዝ አዲስ ቃል ሲፈጠር ፊቱ ሁለት ነጥብ (:) ይደረጋል፤ ስሙ ቀይ ከሆነ ግን ምልክቱ ትርፍ ነው። ለጀማሪ ከላይ ያሉት አራቱ ይበቃሉ። ፒየት የሚባለው ቋንቋ 20 ቀለም ይዞ ፊደልን ጭራሽ ትቶታል፤ ፕሮግራሙ ሥዕል ነው፣ ትእዛዙም የሚገኘው ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ሲታለፍ ካለው ልዩነት ነው። ያዝናናል፣ ሥራ ግን አይሠራበትም።

2. ቀለሙን በቁጥር አስቀምጡ። እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያ ሙከራዬን በተራ የጽሑፍ ፕሮግራም ቀለም እየቀባሁ ጻፍኩ፤ ኮፒ አድርጌ ሌላ ቦታ ስለጥፈው ሁሉም ጥቁር ሆኖ ቁጭ አለ። ፕሮግራሜ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ሙር ከ32 ቢት (እያንዳንዱ 0 ወይም 1 ብቻ ይይዛል) ውስጥ 4ቱን ለቀለሙ መድቦ ፊደላቱን በቀሪው 28 ያጭቃል። ለእኛ ግን እያንዳንዱን ቃል ከቀለም ቁጥሩ ጋር አጣምሮ ፋይል ውስጥ ማስቀመጥ ይበቃል።

3. ፈጻሚውን ጻፉ። ይህን ኮድ እንውሰድ፦

ቀይ፦ ካሬ
አረንጓዴ፦ ድገም አባዛ
ቢጫ፦ 5 ካሬ

ቀዩ ሲደርስ «ካሬ» መዝገብ ውስጥ ይገባል። አረንጓዴዎቹ አይፈጸሙም፤ በመጨረሻው ቀይ ስም ሥር ይጨመራሉ። ስለዚህ የማብቂያ ምልክት እንኳ አያስፈልግም። ቢጫው 5 ስታክ (ቁጥሮች አንዱ በሌላው ላይ የሚደረደሩበት ቦታ) ላይ ይቀመጣል፣ ካሬ ሲጠራ ድገም ሌላ 5 ይጨምራል፣ አባዛ ሁለቱን አንስቶ 25 ይተካል። አሁን «ድገም»ን ብቻ ቢጫ አድርጉት። ገና ባዶ በሆነ ስታክ ላይ ሊፈጸም ሲል ስህተት ይሰጣል፤ አንድም ፊደል አልነካችሁም።

ፓርሰር (የኮዱን ሰዋስው የሚተነትን ክፍል) የሚባል ነገር የለም፤ ሥራው ሁሉ ቀለሙን አይቶ ከአራት መንገድ አንዱን መምረጥ ነው።

4. ኤዲተሩ ላይ ለየቀለሙ አንድ ቁልፍ ስጡ። ቁልፉ ከተነካ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ያንን ቀለም ይይዛል።

5. ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት ቀለም መለየት የሚቸገሩትን አስቡ። ከሰሜን አውሮፓ ዘር ከሆኑ ወንዶች ከ12ቱ አንዱ ገደማ ቀይና አረንጓዴ ይምታታበታል፤ የእኛ ቋንቋ ደግሞ ዋናውን ልዩነት የጣለው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ነው። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ስለሆነ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ቀዩን ደማቅ፣ ቢጫውን የተሰመረበት፣ ነጩን ዘመም ያለ አድርጋችሁ ደርቡበት፣ አረንጓዴው እንዳለ ይቅር። ከዚያ በጥቁርና ነጭ አትሙትና ካሬ የቱ ላይ እንደተሰየመ፣ የቱ ላይ እንደተጠራ ከወረቀቱ ለመለየት ሞክሩ።