ፋየርፕሌስ ያለው ቤት ለተከራያችሁና ለገዛችሁ

ከአዳማ ወደ አሜሪካዋ ብርዳማ ግዛት ወደ ሚኒሶታ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ስለ ካፖርትና ስለ በረዶ ጫማ አብዝቶ ይጠይቃል፤ ስለ ጭስ ማውጫ የሚጠይቅ ግን የለም። ጥያቄው የሚመጣው ቤት ከተገኘ በኋላ፣ ያውም እንጨቱ ተገዝቶ ክብሪት ሊጫር ሲል በስልክ ነው፤ «ሳሎኑ ውስጥ ፋየርፕሌስ አለ፣ ብናነድበት ችግር አለው?» ፋየርፕሌስ የሚሉት ግድግዳ ውስጥ የተሠራውን፣ የራሱ ጭስ ማውጫ ያለውን የእንጨት ምድጃ ነው። እኔም ሚኒሶታ ኖሬ፣ ጠቅልዬ አዳማ ከገባሁ ወዲህም ይኸው ስልክ ስላልተቋረጠ፣ ለእያንዳንዱ በተናጠል ከምመልስ አንድ ጊዜ ጽፌ ማስቀመጥን መርጫለሁ።

አዳማ ያደገ ሰው ቤት ለማሞቅ እሳት አያነድም። እሳት የሚነደው በጓሮ ባለው ማዕድ ቤት ነው፤ ጭሱም በበሩም በቆርቆሮው ሽንቁርም መውጫ አያጣም። የሚኒሶታ ቤት ግን ብርድ እንዳያስገባ እያንዳንዱ ስንጥቁ ስለተደፈነ ለጭሱ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። የእንጨት ጭስ የቀዘቀዘውን ቱቦ ሲነካ ሬንጅ መስሎ ይጣበቃል፤ ክሪዮሶት የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በማዕድ ቤታችን ጣሪያ ላይ ጠቁሮ የሚያብረቀርቀውን ጥቀርሻ ያየ ሰው ያውቀዋል። ይህኛው ግን በጠባብ ቱቦ ውስጥ ተጠራቅሞ ራሱ እሳት ይይዛል፤ ሲቀጣጠል ሙቀቱ ከ1,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ፣ የቱቦውን የሸክላ ገጽ ሊሰነጥቅና ወደ ቤቱ ጣውላ ሊሻገር ይችላል። ስለዚህ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ መጠረግ አለበት። እርጥብ እንጨት ጥቀርሻውን በፍጥነት ያበዛዋል፤ ተፈልጦ ቢያንስ 6 ወር የደረቀና እርጥበቱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ እንጨት ተጠቀሙ። እርጥበት መለኪያው ርካሽ ነው፤ የእንጨት ሻጭ መሐላ ግን ምንም አይለካም።

የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር ያወጣው 211 የተባለው መመዘኛ፣ የጭስ ማውጫ ብዙ ቢነድበትም ባይነድበትም በዓመት አንድ ጊዜ እንዲመረመር ይላል። ምርመራው 3 ደረጃ አለው። ቤት ሲሸጥ፣ ምድጃው ሲቀየር ወይም ቱቦው ውስጥ እሳት ተነስቶ ከነበረ የሚያስፈልገው 2ኛው ደረጃ ሲሆን፣ እሱም ውስጡን በካሜራ ማየትን ይጨምራል። ቤት ስትገዙ ቤቱን ሊመረምር የሚመጣው ኢንስፔክተር አብዛኛውን ጊዜ በባትሪ ሽቅብ አይቶ ያልፋል፤ በእሱ ወረቀት ተማምናችሁ እሳት አታንድዱ። ተከራይ ከሆናችሁ መቼ እንደተጠረገ አከራዩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልስ ካልሰጠ ምድጃውን የአበባ ማስቀመጫ አድርጉት።

እኔ የተያዝኩበት ወጥመድ ርካሽ ዋጋ ነው። ብርዱ ሊገባ ሲል፣ ከተለመደው ዋጋ ግማሽ በማይሞላ ገንዘብ «ጠርገን እንመረምራለን» የሚል ወረቀት በየደጃፉ ይጣላል። የመጣልኝ ሰው ጣሪያ ላይ አልወጣም፤ ቫኪዩሙን በምድጃው አፍ ላይ ትንሽ አስጮኸ፣ አንገቱን አስግጎ ሽቅብ አየ፣ ከዚያም ስልኩን አውጥቶ ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ የሸክላ ቱቦ ፎቶ አሳየኝ። «ዛሬ ማታ ብታነድ ልጆችህ በሕይወት አያድሩም» አለኝ። ልጆች ከተጠሩ በኋላ ማን ዋጋ ይከራከራል? በሺዎች ዶላር የሚቆጠር የጥገና ውል ፈርሜ ቀብድ ከፈልኩ። ቆይቶ የምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ ካሜራውን በረጅም ዘንግ ሰዶ ሲያሳየኝ፣ የእኔ ቤት ቱቦ ከነጭራሹ ሸክላ አልነበረም፤ ከሥር እስከ ጫፍ የማይዝግ ብረት ነው። ፎቶው የሌላ ሰው ቤት ኖሯል። አቤት ለማለት የሚመለከተው ቢሮ ቅጽ ሞልቼ፣ የስልኩን ሙዚቃ ሳዳምጥ ከዋልኩ በኋላ ያገኘሁት መልስ ሌላ ቅጽ ነበር።

ስለዚህ ጠራጊው ካሜራውን ሲያስገባ አጠገቡ ቁሙ፤ ቪዲዮው ከራሳችሁ ምድጃ አፍ ጀምሮ ሳይቋረጥ ይቀረጽ። በአሜሪካ የጭስ ማውጫ ደኅንነት ተቋም ድረ ገጽ ላይ የምስክር ወረቀት ያላቸውን ባለሙያዎች መፈለግ ይቻላል። የጠረገው ሰው በዚያው ቀን ለሚያቀርበው የጥገና ውል ፈጽሞ አትፈርሙ፤ ሌላ ሰው እስኪያየው ድረስ ፈርነሱ፣ ማለትም ቤቱን በሙሉ የሚያሞቀው መሣሪያ፣ ያሞቃችኋል። ቸኩላችሁ ከፈረማችሁም፣ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ ቤታችሁ ድረስ መጥተው የሸጡላችሁን 25 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ነገር እስከ 3ኛው የሥራ ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ እንድትሰርዙ ይፈቅዳል። ደንቡ የማይሸፍናቸው ነገሮች ስላሉ ውሉን አንብቡ፤ በተለይ «አስቸኳይ ስለሆነ የመሰረዝ መብቴን ትቻለሁ» ብላችሁ በገዛ እጃችሁ እንድትጽፉ ከተጠየቃችሁ፣ የሚዘጋባችሁ ይኸው በር መሆኑን እወቁ።

«የኛ ቤት በጋዝ ነው የሚሠራው» የሚሉም አይዘናጉ። የብዙዎቹ አዳዲስ ፈርነሶች ጭስ በቤቱ ጎን በፕላስቲክ ቱቦ ስለሚወጣ፣ በረዶ በከመረ ቁጥር የቱቦው አፍ መጠረግ አለበት። መውጫ ካጣ ጭስ ጋር ቤት ውስጥ የሚቀረው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ጉንፋን ነው ተብሎ ይተኛበታል። የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ርቀት ውስጥ ጠቋሚ መሣሪያ እንዲኖር ያዛል። መሣሪያው ሲጮህ ከቤት ወጥቶ ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 911 መደወል ነው እንጂ ባትሪውን መንቀል አይደለም፤ የነቀለ ሰው አውቃለሁ። ሙቀቱ እንዳያመልጥ ብሎ ፍሙ ሳይጠፋ ዳምፐሩን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን መክደኛ፣ የሚዘጋ አለ፤ ለቡና ከሰል ሳሎን ውስጥ የሚያቀጣጥልም አለ። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላል፤ ጣዕሙ ይቀንሳል የምትሉ ውጭ አፍሉት።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁ፣ ክፍት ፋየርፕሌስ ቤት አያሞቅም፤ የሞቀውን አየር ከክፍሉ ስቦ በጭስ ማውጫው ያስወጣዋል እንጂ። እናንድ ካላችሁ ግን ጠራጊውን በሚያዝያ ወይም በግንቦት ጥሩት፤ ያኔ ሥራ ስለሚቀዘቅዝ ተረጋግቶ ይሠራላችኋል። አመዱንም ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርጋችሁ ከቤቱና ከእንጨቱ በረንዳ አርቃችሁ አስቀምጡ፤ ውስጡ የተዳፈነ ፍም ለቀናት ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል።