በድሮ ቮልስ ላይ የዚያን ዘመን የጉልበት ዕቃና ስቲከር እንዴት እንደሚያዋህዱ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የመኪና ጉልበት የሚጨምሩ ዕቃዎችን የሚሠሩ ድርጅቶች ብዙውን ጊዜ ስቲከራቸውን ከዕቃው ጋር ይሰጡ ነበር። ባለቤቱ ዕቃውን ይገጥማል፣ ስቲከሩን ይለጥፋል፤ መንገድ ላይ ያየው ሰው ሞተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ያውቃል። በአሜሪካ የድራግ (አጭር የቀጥታ መንገድ የፍጥነት) ውድድርም አምራቾች ለአሸናፊ ገንዘብ የሚከፍሉት ዕቃቸውን ገጥሞ ስቲከራቸውንም ለለጠፈ ተወዳዳሪ ነበር። ስቲከሩ የዕቃው ምስክር ነበር ማለት ነው። የድሮ መኪና የሚያድስ ሰው ይህን ቢጠብቅ ደስ ይለኛል፤ ሞተሩ ላይ የሌለ ዕቃ ስም መኪናው ላይ ባይለጠፍ።

ምሳሌዬን በቮልስ አደርጋለሁ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም የሚሠሩ ቮልሶች አሉና። አሠራሩ ግን ለፊያትም ለፎርድም ያው ነው።

1. ሞተሩን ይወቁ

የቮልስ ሞተር ቁጥር ከዲናሞው መቆሚያ ሥር፣ ካርተሩ (የሞተሩ ዋና አካል) ላይ ተመትቶ ይገኛል። አጽድተው ያንብቡትና የስንት ዓመተ ምሕረት ሞተር እንደሆነ ያጣሩ። መኪናው እ.ኤ.አ. የ1958 ሆኖ ሞተሩ በኋላ የተቀየረ ሊሆን ይችላልና በሊብሬው ብቻ አይመኑ።

ከዚያ ለዚያ ሞተር ምን ይሠራ እንደነበር ይመርምሩ። ጀርመናዊው ጌርሃርድ ኦቲንገር ኦክራሳ በሚል ስም ሁለት ካርቡራተርና ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ የአየርና ቤንዚን መግቢያ ያለው ቴስታታ (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ያቀርብ ነበር፤ ያኔ የፋብሪካው ቴስታታ ለሁለት ሲሊንደር አንድ መግቢያ ብቻ ነበረው። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ የተሠራው ጀድሰን ደግሞ በቺንጋ እየዞረ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ ነው፤ ዘይት የሚያንጠባጥብለት የራሱ ጠርሙስ አለው። በካሊፎርኒያ ሪቨርሳይድ ጆ ቪቶኒ የመሠረተው ኤምፒ የተባለ ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከካርቡራተር እስከ ቸርኬ ብዙ ነገር ይሸጥ ነበር።

2. ዕቃውን ይፈትሹ

ያገለገለ ካርቡራተር ሲገዙ የቤንዚን ፔዳሉ የሚያዞረውን ዘንግ በጣት ያወዛውዙት። ከተንቀለቀለ አየር ያስገባል፣ ሚኒሞውም (ፔዳል ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) አይስተካከልም። ማኒፎልዱ (ከካርቡራተሩ ወደ ሞተሩ የሚወስደው ቱቦ) ከቴስታታው የሚገናኝበትን ፊት ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈው ወደ ብርሃን ይዩት፤ ብርሃን ካሳለፈ ማስተካከል ያስፈልገዋል። ጓርኒሲዮኖቹን (በመገጣጠሚያ መካከል የሚገቡትን ማሸጊያዎች) እና የቤንዚን ጎማዎቹን ያለ ምንም ማመንታት በአዲስ ይለውጡ። ቮልስን ከሚያቃጥሉት ነገሮች አንዱ ሞተር ክፍሉ ውስጥ የተሰነጠቀ የቤንዚን ጎማ ነው።

3. ስቲከሩንና ቦታውን ይምረጡ

የዚያ ዘመን ስቲከር በአብዛኛው ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከወረቀቱ የሚለቀቅ ስስ ነበር። የዛሬው ፕላስቲክ ወፍራም ነው፤ ጠርዙ ከሩቅ ይለያል። በውሃ የሚለቀቅ ቅጂ ታትሞ ካገኙ እሱን ይውሰዱ። የድሮውን ራሱን ካገኙ ግን እኔ ብሆን መስታወት ውስጥ አስቀምጠዋለሁ እንጂ አልለጥፈውም። አሥርተ ዓመታት የቆየ ስቲከር ውሃ ሲነካው ብዙ ጊዜ ይሰባበራል። የግድ ከሆነ ፊቱን አስቀድመው በስሱ ግልጽ ቫርኒሽ ነፍተው ያድርቁት፤ ከዚያ ጽሑፍ የሌለበትን ጠርዝ ቆርጠው ይሞክሩ።

ለሞተር ክፍል ጥሩው ቦታ ቬንትሌተሩን የሚሸፍነው ጥቁር ላሜራ ነው፤ ይሞቃል እንጂ አያቃጥልም። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ላይ ይቃጠላል፤ ከታች ያሉት የቫልቭ ክዳኖች ላይ ደግሞ ዘይትና ጭቃ ይጨርሰዋል። ለመስኮት ከሆነ የኋላ ጎን መስታወት ይመረጣል፤ ማጣበቂያው በፊቱ በኩል ከሆነ ከውስጥ ነው የሚለጠፈው።

4. አለጣጠፉ

ላሜራውን ፈትተው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት። አዲስ ከተቀባ ቀለሙ እስኪጠና ይተዉት። ፊቱ የሚያብረቀርቅ ይሁን፤ ሻካራ ቀለም ሥር አየር ይቀርና ስቲከሩ ነጫጭ ነጠብጣብ ያወጣል። በሳሙና አጥበው ካለቀለቁ በኋላ በአልኮል ይጥረጉት። ከዚያ ወዲያ በጣት አይንኩት፤ ወዝ ማጣበቂያውን ያስለቅቃል። ቦታውን በወረቀት ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት።

ሰፋ ባለ ሳህን ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ ያዘጋጁ። ስቲከሩን ሲነክሩት ይጠቀለላል። በጣት ለመዘርጋት አይታገሉት፤ ወረቀቱ ውሃ ሲጠጣ መልሶ ይዘረጋል። ከ20 እስከ 30 ሰከንድ በኋላ አውጥተው አንድ ደቂቃ ያህል ያቆዩት። በአውራ ጣት ጠርዙን ገፋ ሲያደርጉት ከተንሸራተተ ደርሷል፤ እንቢ ካለ ጥቂት ይታገሱ። ውሃው ውስጥ ረጅም ጊዜ ከቆየ ማጣበቂያው ታጥቦ ይሄዳል።

ላሜራውን በውሃ ያርጥቡት። ስቲከሩን ከነወረቀቱ ቦታው ላይ ያሳርፉና፣ ስቲከሩን በጣት ይዘው ወረቀቱን ከሥሩ ቀስ ብለው ይሳቡ። ስቲከሩን ለብቻው አንጠልጥለው አይውሰዱት፤ በራሱ ላይ ከታጠፈ መፍታቱ ከባድ ነው። እርጥብ እስካለ ድረስ ይንሸራተታል፤ ፕላስተሩን እያዩ ያስተካክሉት። ከዚያ በረጠበ ለስላሳ ስፖንጅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ውሃውን ይግፉ። ላሜራው በሚታጠፍበት ቦታ ሞቅ ባለ እርጥብ ጨርቅ ጫን ቢያደርጉት ስቲከሩ ለስልሶ ቅርጹን ይይዛል። የቀረችውን የአየር ከረጢት በቀጭን መርፌ ይብሷትና በስፖንጁ ይጫኑ። በዙሪያው የፈሰሰውን ማጣበቂያ አሁኑኑ በውሃ ይጥረጉ፤ ከደረቀ ቢጫ ጥላ ይሆናል።

5. ማድረቅና መሸፈን

ከፀሐይ ርቆ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ሞተር ክፍል ውስጥ ቤንዚን መንጠባጠቡ አይቀርምና ግልጽ ቫርኒሽ ያስፈልገዋል። ነገር ግን አንዳንድ ቫርኒሽ የስቲከሩን ቀለም ያቀልጣል፤ ትርፍ ስቲከር ላይ ሳይሞክሩ አይንፉ። የመጀመሪያዎቹ ንፎች እንደ ጤዛ ስስ ይሁኑ፣ እያንዳንዱም ይድረቅ። መጀመሪያውኑ አጥለቅልቀው ከነፉት ስቲከሩ ይሸበሸባል።

ላሜራውን ከመለሱ በኋላ ሞተሩን አስነስተው ካርቡራተሮቹና ጎማዎቹ እንዳያንጠባጥቡ በባትሪ መብራት ይፈትሹ። ስቲከሩን በቤንዚን በራሰ ጨርቅ አይጥረጉት፤ እርጥብ ጨርቅ ይበቃዋል። ዕቃውን ሳያገኙ ስቲከሩን ካገኙ ደግሞ እርጥበት በሌለበት ቦታ፣ በሁለት ካርቶን መካከል ሳይታጠፍ ያስቀምጡት፤ ዕቃው ሲገጠም ይለጥፉታል።