ሆዳቸውን ለሚያማቸው ተማሪዎች፦ የፈተና ጭንቀትን መቋቋም እንዴት እናስተምር?

የፈተና ሳምንት ሲመጣ የሆድ ሕመም ይበዛል። 7ኛና 8ኛ ክፍል ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል። በአዘቦት ቀን «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ልሂድ» የሚለው አንድ ሁለት ልጅ ነው። ሒሳብ ሊፈተኑ ሲሉ ግን ግማሹ ክፍል እጁን ያወጣል። አንዷን ራሷን ያዞራታል፣ አንዱ ጥፍሩን ይበላል፣ ሌላው ጭራሽ ይቀራል። «ሰበብ ነው» ብለው የሚያልፉት ባልደረቦች አሉኝ። አንዳንዱ ሰበብ ነው፤ አልክድም። አብዛኛውን ግን የእውነት ያመዋል።

እኔ ደሴ ውስጥ አጠቃላይ ሳይንስ አስተምራለሁ። የክፍል ኃላፊም ስለሆንኩ ካርድ የምሰጠውም ሆነ ወላጅ የማነጋግረው እኔው ነኝ። እዚህ የምጽፈው በክፍሌ የምሠራበትን ነው። ጭንቀትን መቋቋም ችሎታ ነው፤ በሰላሙ ቀን መለማመድ ይፈልጋል። በፈተናው ጠዋት «አይዟችሁ፣ አትጨነቁ» ብሎ መጮህ ፋይዳ የለውም። እንዲያውም ተረጋግቶ የመጣውን «የሚያስጨንቅ ነገር አለ እንዴ?» ያሰኘዋል።

መጀመሪያ ሰውነታቸውን አስረዷቸው

«ማታ ከቤት ስትወጡ ከፊታችሁ ጅብ ቆሞ ብታዩ ምን ትሆናላችሁ?» እላለሁ። ክፍሉ ይንጫጫል። ከጦሳ ተራራ ሥር የሚኖሩት ልጆች ደግሞ የጅብ ወሬ አያልቅባቸውም። ሳቁ ሲበርድ ሰሌዳው ላይ የሰው ቅርጽ እስላለሁ። ጅቡን ያየው ሰው ሰውነቱ የት ምን እንደሚሰማው እየወጡ ምልክት ያደርጋሉ። ልብ ይመታል፣ እጅ ያልበዋል፣ አፍ ይደርቃል፣ ሆድ ይገላበጣል። ከዚያ በሌላ ቀለም ጠመኔ «የፈተና ወረቀት ሲታደልስ?» እላቸዋለሁ። አዲሶቹ ምልክቶች በአሮጌዎቹ ላይ ያርፋሉ።

ከዚህ በኋላ ሳይንሱን ማስገባት ቀላል ነው። አንጎል አደጋ አለ ብሎ ሲያስብ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል ይለቃሉ። ደም ወደ ጡንቻ ይበረታል፣ የምግብ መፈጨት ይዘገያል። ሆዳቸው የሚረበሸው ለዚህ ነው እንጂ ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም። ይህን ሲሰሙ በተለይ ወንዶቹ ቀለል ይላቸዋል። ወንድ ልጅ እኛ ሰፈር «ፈራሁ» ማለት ይከብደዋል። «አድሬናሊኔ ወጣ» ለማለት ግን አያፍርም። አሁን የክፍላችን ቀልድ ሆኗል።

አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ጭንቀት ሁሉ መጥፎ አይደለም። የርክስና ዶድሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1908 በአይጦች ላይ ሠርተው እንዳሳዩት፣ ከባድ ነገር ለመማር መጠነኛ ማነቃቂያ ከኃይለኛው ይሻላል። ጨርሶ ያልተነቃቃ ልጅም አያጠናም። ስለዚህ ልጆቹን «ጭንቀታችሁን አጥፉ» አልላቸውም። ስንት እንደሆነ እንዲያውቁት ነው የምፈልገው። «ስንት ነው?» ስል እጃቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው በጣት ያሳዩኛል። አንድ ጣት ሰላም ነኝ ማለት ነው፤ አምስት ጣት ጭንቅ ብሎኛል ነው። ወደ ደረት የሚያስጠጉት ጎረቤት እንዳያይ ነው።

ትንፋሽ፣ ቡጢና ወረቀት

ትንፋሹን በክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ እናደርገዋለን። አንድ እጅ ሆድ ላይ ይሆናል። በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ በአፍ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ ማስወጣት። ዋናው የማስወጫው መርዘም ነው፤ ቀስ ብለን ስናስወጣ የልብ ምት ይረጋጋል። መጀመሪያ ቀን ይስቃሉ። ተዉዋቸው፤ ይወጣላቸዋል። ራሴን አዞረኝ የሚል ካለ በኃይል እየተነፈሰ ነው፤ «ቀስ፣ ትንሽ ትንሽ» በሉት።

ዓይናችሁን ጨፍኑ ግን አትበሉ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እነዚህ ልጆች ትንንሾች ነበሩ። ዓይን መጨፈን የሚያስፈራው ልጅ በየክፍሉ አለ። መስኮቱን ወይም የደብተራቸውን ጠርዝ ይዩ።

ቡጢው ደግሞ ለፈተና ክፍል ነው። በዴስክ ሥር እጅን አጥብቆ ጨብጦ አምስት መቁጠርና መልቀቅ። ትከሻንም እንዲሁ ወደ ጆሮ ሰቅሎ መልቀቅ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ስለሚቀመጡ የትከሻው አንዳንዴ ጠብ ያስነሳል፤ ቡጢው ይበቃል።

እኔ በጣም የምወደው ወረቀቱን ነው። ጄራርዶ ራሚሬዝና ሲያን ቤይሎክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተሙት ጥናት አለ። ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስለ ፈተናው የሚያስጨንቃቸውን የጻፉ ተማሪዎች፣ በተለይ ፈተና የሚፈሩት፣ የተሻለ ውጤት አመጡ። እኔ ከቴስት በፊት ደቂቃዎች ቆርጬ ቁራጭ ወረቀት እሰጣለሁ። በፈለጉት ቋንቋ ይጽፋሉ፤ ሆሄ አይታረምም፣ ስም አይጻፍም። ወረቀቱን አልሰበስብም። ጽፈው ሲጨርሱ ይቀዳድዱታል። መምህር ያነበዋል ብለው ካሰቡ «እግዚአብሔር ይርዳኝ»፣ «አላህ ያግዘኝ» ብቻ ጽፈው ይጨርሳሉ። ያንንም ቢጽፉ ግን ክፉ የለውም። ጸሎትና ዱዓ ያሳረፈው ልጅ ስንት አይቻለሁ።

ግማሹ ጭንቀት የአጠናን ነው

እውነቱን ለመናገር ትንፋሽ ብቻውን ያላጠናን ልጅ አያድንም። ልጆቻችን «አጥኑ» ይባላሉ እንጂ እንዴት እንደሚጠና የሚያሳያቸው የለም። ስለዚህ ይሸመድዳሉ። ደብተሩን አሥር ጊዜ ያነቡና «አውቄዋለሁ» ይላሉ። ወረቀቱ ሲመጣ ጭልም ይልባቸዋል። ያኔ ድንጋጤው ይከተላል።

የማሳያቸው ይህን ነው። አንድ ገጽ አንብቡ፣ ደብተሩን ዝጉ፣ የያዛችሁትን ባዶ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ከፍታችሁ የጎደለውን ሙሉ። በሚቀጥለው ቀን ሳታነቡ እንደገና ጻፉ፤ ከሦስት አራት ቀን በኋላም እንዲሁ። ጀርመናዊው ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ የሸመደድነው ነገር አብዛኛው በመጀመሪያው ቀን ውስጥ ይጠፋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ «እኔ ብቻ አይደለሁማ!» ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ይህ አጠናን ያስጠላቸዋል፤ የማያውቁትን ፊት ለፊት ያሳያቸዋልና። ግን የጎደለውን እቤት ሆኖ ማየት በፈተናው ክፍል ከማየት ይሻላል።

ሰዓቱን በተመለከተ 25 ደቂቃ አጥንቶ 5 ደቂቃ ማረፍ ጥሩ ነው። ሰዓት ወይም ሞባይል የሌለው ልጅ ምን ያድርግ? አንዲት ተማሪዬ ቡና በሚፈላበት ጊዜ ከአቦል እስከ ቶና ታጠናለች፤ ቶናው ሲቀዳ ስኒ ታዳርሳለች፤ ከዚያ እስከ በረካ ሌላ ምዕራፍ። ከዚህ የተሻለ ሰዓት አላውቅም።

ፕሮግራም አውጡ ስትሏቸው ደግሞ የሌላ አገር ልጅ ፕሮግራም አያውጡ። መጀመሪያ ሥራቸውን ይጻፉ። ውኃ መቅዳት፣ ታናሽ ወንድም መያዝ፣ ሰኞ ገበያ ለእናት ዕቃ መሸከም፣ መድረሳ ወይም ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የፈረቃቸው ሰዓት። ከዚያ በተረፈው ላይ ጥናት ይግባ። አርባ ደቂቃ ብቻ ከተረፈ አርባ ደቂቃ ነው። የማይሆን ፕሮግራም ያወጣ ልጅ በሦስተኛው ቀን «እኔ አልረባም» ይላል። መብራት ስለሚጠፋም ከባዱን ትምህርት በቀን ብርሃን ያድርጉት።

በፕሮግራሙ ወረቀት ሌላኛው ገጽ ላይ መስመር አስምሩላቸው። በአንዱ በኩል «በእጄ ያለ»፣ በሌላው «ከእጄ የወጣ»። ምን ጥያቄ ይመጣል፣ መብራት ይጠፋ ይሆን፣ አባቴ ይቆጣ ይሆን፦ ከእጅ የወጣ። ዛሬ ማታ ምዕራፍ ሦስትን ደብተር ዘግቼ መጻፍ፦ በእጅ ያለ። «በእጄ ያለ» ከሚለው አንድ ነገር መርጠው በዚያው ቀን ይሥሩ።

ስለ እንቅልፍ፣ ጫትና ስልክ

ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለው ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ሌሊቱን ሙሉ ያነጋ ልጅ ያጠናው አይረጋለትም፤ ትምህርት በአንጎል የሚደላደለው በእንቅልፍ ጊዜ ነውና።

ጫቱን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። ልጆቹ ታላላቆቻቸው ጫት ይዘው ለማትሪክ ሲያጠኑ ያያሉ። እዚህ ላይ አንድ ምክር አለኝ፦ «ጫት ኃጢአት ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ወሎ ነው። የግማሹ ክፍል አያት ዱዓ ላይ ይቅማሉ፤ አያቱን የሰደባችሁበት ልጅ ከዚያ በኋላ አይሰማችሁም። ሳይንሱን ንገሩት። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር አለ። ልብን ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ሲለቅ ያደክማል። «ጅቡን ያየው ሰው ልቡ ይመታ የለ? ጫቱ ይጨምርበታል» ስል ይገባቸዋል።

ስልክም እንዲሁ ነው። ቲክቶክ ለደቂቃ ያስረሳል፤ ከዚያ ጊዜው ሄዷል፣ ጭንቀቱ እዚያው አለ። በምትኩ የሚያሳርፋቸውን ራሳቸው ይዘርዝሩ። እኔ ክፍል ኳስ፣ ዘፈን፣ ነሺዳ፣ መዝሙር፣ ሥዕልና ከጓደኛ ጋር መሄድ ይዘረዘራሉ።

ወላጅ

ልጁን በጣም የሚያስጨንቀው ፈተናው ላይሆን ይችላል። «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ከሆኑ ወዲህ፣ ፍርሃቱ ወደ ታች ወርዶ የ7ኛ ክፍል ልጅ ቤት ገብቷል። ታላቅ ወንድም ከወደቀ ደግሞ የቤቱ ሸክም ሁሉ በታናሹ ላይ ነው።

ካርድ ስሰጥ ወላጅን አልገሥጽም። አንድ የሚያደርጉት ነገር እሰጣቸዋለሁ። የልጅ ልጃቸውን ለሚያሳድጉ አንዲት አያት እንዲህ አልኳቸው፦

«እማማ፣ ማታ ሲመጣ ስንተኛ ወጣህ አይበሉት። ዛሬ ያልገባህ ምንድን ነው ይበሉት።»

«እኔ ምኑን አውቄ ላስረዳው፣ ልጄ?»

«እሱ ያስረዳዎት። እርስዎ ስኒዎትን ይዘው ያዳምጡት።»

ለማያነቡ ወላጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልጁ ሲያስረዳ ያጠናል፤ እሳቸውም ከትምህርቱ ውጭ አይሆኑም። ደረጃን ደግሞ በክፍል ጮክ ብላችሁ አታንብቡ። ካርዱ ላይ አለ፤ ይበቃል።

እኛ መምህራንም የምናቀልለው አለ። ሁዳዴና ረመዳን ሲገናኙ ክፍሉ ሁሉ ጾመኛ ነው። ያኔ ቴስት በስምንተኛው ሰዓት ከመስጠት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መስጠት ይሻላል። በአንድ ቀን ሦስት ቴስት እንዳይደራረብም ከባልደረባ ጋር መነጋገር ይቻላል።

ከእናንተ በላይ ሲሆን

ልጁ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ከተወ፣ ከጓደኛ ከራቀ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር ከበረገገ፣ ይህ የፈተና ጭንቀት ብቻ ላይሆን ይችላል። በክፍል ፊት «ምን ሆንክ?» አትበሉት። ለብቻው ጥሩት። መሞት እፈልጋለሁ የሚል ቃል ከወጣው በዚያው ቀን፣ ብቻውን ሳትተዉት፣ ለቤተሰቡና ለርእሰ መምህሩ አሳውቁና የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ይሂድ። ቤተሰቡ ጸበል ወይም ሼህ ዘንድ ልውሰደው ካለ አትከራከሩ፤ «ሁለቱንም እናድርግ» በሉ።

የፈተናው ጠዋት

እስካሁን የተለማመዱት ሁሉ ለዚህ ጠዋት ነው፤ አዲስ ነገር አታምጡ። ጾም ከሌለ ቁርስ ይብሉ፤ ዳቦና ሻይም ቢሆን። በሩ ላይ ደብተር እያገላበጡ የሚጠያየቁትን በትኗቸው። ወረቀቱን ሲቀበሉ ሳይጽፉ ሦስት ትንፋሽ። ከዚያ የሚያውቁትን ጥያቄ ፈልገው ከእሱ ይጀምሩ፤ ጭልም ካለ ምልክት አድርገው ይለፉት፣ ቡጢ፣ ትንፋሽ፣ ወደ ቀጣዩ።

ሲወጡ ደግሞ «አምስተኛው መልሱ ምንድን ነው? ቢ ነው ሲ?» ይጀመራል። ከሰዓት ሌላ ፈተና እያለ ይህ ልጆቹን ያፈርሳቸዋል። መልስ መነጻጸሩን የመጨረሻው ፈተና እስኪያልቅ ከለከልኩ። የሚሰማኝ ስለሌለ አሁን ፈታኝ ባልሆንኩበት ሰዓት ኳስ ይዤ ከበሩ ውጭ እቆማለሁ።